ሐረር ላይ ሰልፊ የተነሳው ነጋዴ

ሰልፊን ስማርት ስልክ ይዞት የመጣ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1883፣ ገና አዲስ አበባ የምትባል ከተማ ሳትቆረቆር፣ ሐረር ውስጥ አንድ የ28 ዓመት ፈረንሳዊ ራሱን በራሱ ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቦቹ በፖስታ ልኳል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፎቶዎቹ ሦስት ናቸው። በአንዱ የቤት ሰገነት ላይ ቆሟል። በሌላው የቡና ጓሮ ውስጥ ነው። በሦስተኛው እጆቹን አጣምሮ የሙዝ ተክል መሃል ቆሟል። ልብ በሉ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ላይ ከጀርባው ያለው ግንብ ወይም አደባባይ ሳይሆን ተክል ነው።

ሰውየው አርተር ራምቦ ይባላል። ጡንቻውን ካሳበጠው የፊልሙ ራምቦ ጋር አታምታቱት። ይሄኛው ቀጭን፣ ዝምተኛና ቁጡ ነጋዴ ነበር። ፈረንሳዮች ግን ከታላላቅ ገጣሚዎቻቸው አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። ስለ ግጥሙ ብዙ ተጽፏል። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ ሁሌም የሚስበኝ ሌላው ግማሹ ነው፦ ቡና የገዛው፣ ቆዳ የጫነው፣ ካሜራ ያዘዘው፣ በመጨረሻም ከሐረር በቃሬዛ የወጣው ራምቦ።

የተወለደው ኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ሻርልቪል በምትባል ከተማ ነው። አባቱ የጦር መኮንን ነበር፤ ልጁ ገና ትንሽ እያለ ቤቱን ጥሎ ሄደ። ያሳደገችው እናቱ ናት፤ የገበሬ ልጅ፣ ሳንቲም የምትቆጥር፣ ሳቅ የማታበዛ ሴት። ልጁ ትምህርት ላይ ጎበዝ ነበር። በላቲን ግጥም እየጻፈ ሽልማት ይወስዳል። 16 ዓመት ሳይሞላው ከቤት መጥፋት ጀመረ። በ1871 ፓሪስ ገብቶ ከገጣሚው ፖል ቬርሌን ጋር ተዋወቀ። ሁለት ዓመት አብረው ተንከራተቱ፤ በመጨረሻ ብራስልስ ውስጥ ተጣሉና ቬርሌን ሽጉጥ ተኩሶ እጁ አንጓ ላይ አቆሰለው። ቬርሌን እስር ቤት ገባ። ራምቦ በዚያው ዓመት አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ ግን የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ መክፈል ስላቃተው አብዛኛው ቅጂ እዚያው ቀረ። ሃያዎቹን እንደጀመረ ግጥም መጻፍ አቆመ። ያቆመበትን ምክንያት ለማንም አላብራራም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ የሥራ ፍለጋ ታሪክ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ዓይነት። ወታደር ሆኖ እስከ ጃቫ ደሴት ሄደና ከጦሩ ጠፋ። ቆጵሮስ ላይ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች አለቃ ሆነ። በ1880 ክረምት ኤደን ወደብ ደርሶ ባርዴ የሚባሉ ፈረንሳዮች ነጋዴ ቤት ተቀጠረ። ሥራው ቡና የሚለቅሙ ሠራተኞችን መቆጣጠር ነበር። ኩባንያው ሐረር ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት እሱን ላከው፤ ቋሚ ደመወዝና ከትርፉ ትንሽ ድርሻ ተስማምቶ። ከዘይላ ተነስቶ 20 ቀን ገደማ በፈረስ በረሃውን አቋርጦ በዲሴምበር 1880 ሐረር ገባ።

ያኔ ሐረር በግብፆች እጅ ነበረች። ከ1875 ጀምሮ ይዘዋታል። ራምቦና ባልደረቦቹ ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ሙጫ ይገዛሉ፤ ጨርቅና የቤት ዕቃ ያስገባሉ። ኤደን ላይ ፈሳሽ ላብ አድርጎ ያቃጠለው ሰው ሐረርን በአየሯ ወደዳት። ቋንቋም ቶሎ ይይዛል፤ ዐረብኛ፣ አማርኛ፣ የሐረሪና የኦሮሞ ቋንቋ ከገበያው ለቃቅሟል። ቤተሰቦቹን ግን ዘወትር የሚጠይቃቸው ግጥም ሳይሆን የሙያ መጽሐፍ ነው፦ ስለ ብረት ሥራ፣ ስለ አናጢነት፣ ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ልኬት።

ካሜራውም የመጣው እንዲሁ ነው። ከፈረንሳይ ሊዮን ከተማ አዘዘው፤ ከነዕቃው 1,850 ፍራንክ ገደማ ወጣበት። እናቱ ይህን ያህል ገንዘብ መውጣቱ አልተዋጠላትም። እሱ ግን ሒሳቡን ሠርቷል። ሐረር ላይ ፎቶ መነሳት የማይፈልግ ሰው እንደሌለና ለአንድ ፎቶ አንድ ጊኒ ለመክፈል የሚቀርቡ እንዳሉ ለቤተሰቡ ጽፏል። ጊኒ ያኔ ወደ 26 ፍራንክ ነው። አካፍሉት፤ 70 ያህል ፎቶ ቢሸጥ ዋጋውን ይመልሳል ማለት ነው። በዛሬ ቋንቋ ስታርት አፕ ጀመረ ልንል እንችላለን። የፎቶ ብቻ ሳይሆን ስለ አካባቢው ሥዕላዊ መጽሐፍ የማዘጋጀት ሐሳብም ነበረው። አብሮት ይሠራ የነበረው ግሪካዊው ሶቲሮ ወደ ኦጋዴን ዘልቆ ካመጣው መረጃ የጻፈው ዘገባ በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታትሟል።

እስቲ ያኔ ፎቶ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ለነገሩ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ብርሃን ሲነካው የሚጠቁር የብር ጨው አለ። እሱን መስታወት ወይም ወረቀት ላይ ትቀባላችሁ። ብርሃን የነካው ቦታ ይጠቁራል፣ ያልነካው እንዳለ ይቀራል። ከዚያ ያልተነካው ጨው በሌላ ኬሚካል ይወገዳል፤ አለበለዚያ ፎቶው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል። በመጨረሻ ያ ኬሚካል ራሱ በብዙ ንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት። በደንብ ካልታጠበ ምስሉን ቀስ እያለ ይበላዋል። በቃ፣ ፎቶ ማለት ብር፣ ብርሃንና ውኃ ነበር።

የራምቦ ችግር ሦስተኛው ላይ ነበር። ፎቶዎቹን ሲልክ ነጣ ማለታቸውን ጠቅሶ ጥፋቱን በሚያጥብበት መጥፎ ውኃ ላይ አድርጓል፤ ወደፊት የተሻለ እንደሚሠራም ቃል ገብቷል። ዛሬ የቀሩትን ብታዩ ፊቱ በቅጡ አይለይም። ዓይኖቹ ጥላ ብቻ ሆነዋል። ቅጠሎቹ ግን ቅርጻቸው አልጠፋም። የሐረር ውኃ ታዋቂውን ገጣሚ አጥቦ ወሰደውና ሙዙን ተወልን ማለት ይቻላል።

ሌሎችም ፎቶዎች አሉት። የቆዳ ከረጢት የሚሠራ ባለሙያ ምሰሶ ሥር ተቀምጦ፤ የሐረር ገበያ፤ የሼኽ አባድር መቃብር፤ ሶቲሮ ጠመንጃውን ይዞ ቅጠል መሃል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የከረጢት ሠሪው ነው። ያለ እሱ ቡናው ወደብ አይደርስማ! ራምቦ የሸቀጥ ሰንሰለት ምን እንደሆነ የገባው ሰው ስለነበር ይመስለኛል ካሜራውን ወደዚያ ያዞረው።

የፎቶው ንግድ ዕድሜ አላገኘም። የሱዳን የማህዲ ጦርነት ግብፅን አናወጣት፤ ሐረርን ለቃ ለመውጣት ተዘጋጀች፤ ኩባንያው በ1884 ቅርንጫፉን ዘጋ። ራምቦ ወደ ኤደን ተመለሰ፤ በ1885 ካሜራውን ሸጠ። ኪሳራ ባይገጥመውም እንደቆጨው ጽፏል። ከዚያ በኋላ ፎቶ ማንሳቱን አናውቅም። ግጥሙን እንደተወው ካሜራውንም ተወው።

ቀጥሎ የገባበት ንግድ የጦር መሣሪያ ነው። ይህን ማድበስበስ አልፈልግም። 2,000 ያህል አሮጌ ጠመንጃ ገዝቶ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ታጁራ ላይ ወራት ሲጠብቅ ቆየ። በሚገርም አጋጣሚ እሱ ግመል እየለመነ በተቀመጠበት በ1886 የድሮ ግጥሞቹ ፓሪስ ላይ በመጽሔት ይወጡ ነበር። ሸሪኩ ላባቱ ሞተበት። ጉዞውን ቀጥሎ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ደረሰ፤ ምኒልክ ግን በጨለንቆ ጦርነት ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበር። ንጉሡ ሲመለሱ እንጦጦ ላይ አገኛቸው። ጠመንጃውን ካሰበው እጅግ ባነሰ ዋጋ ወሰዱት፤ በዚያ ላይ የሟቹ ሸሪክ አበዳሪዎች ተሰለፉበት። ገንዘቡ የሚከፈለው ሐረር ላይ በደጃዝማች (ኋላ ራስ) መኮንን በኩል ስለሆነ ከተጓዡ ቦሬሊ ጋር ወደ ሐረር ወረደ።

እዚህ ጋ ሸዋ በርን ላንሳ። ከጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው፤ ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። ስሙ እንደሚነግራችሁ የሸዋ መንገድ በር ነው። ከሸዋ የሚመጣ ሰው፣ ጦርም ይሁን ነጋዴ፣ ፊቱ የሚዞረው ወደዚህ ነው። ዛሬ ከበሩ ውጭ ሰፊ ገበያ አለ፤ ዕጣን፣ ቅመም፣ ቡና፣ ጭሳ ጭስ፣ የባልትና ነገር ሁሉ። ባለፈው ዓመት ስሄድ ገበያው ውስጥ ቡና የምትሸጥ አንዲት እናት አግኝቼ ጨዋታ ጀመርን። ቡናው ከራሳቸው ጓሮ እንደሆነ ጠየቅኳት። ድሮ ነበር አለችኝ በሐዘን ሳይሆን ተራ ነገር እንደሚናገር ሰው። አሁን ጓሮው ላይ ያለው ጫት ነው፤ ቡናውን እሷም ገዝታ ነው የምትሸጠው።

እንደ ኢኮኖሚስት ገበሬውን አልፈርድበትም። ቡና ተክላችሁ ፍሬ ለማየት ሦስት አራት ዓመት ትጠብቃላችሁ፤ ከዚያም በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ዋጋው ኒውዮርክ ላይ በሚወጣና በሚወርድ ቁጥር ይወሰናል። ጫት ግን ውኃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ገዢው እዚያው ደጅ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ዛሬውኑ ኪስ ይገባል። ልጅ ትምህርት ቤት ለመላክ የትኛው እንደሚሻል ለመለየት ዲግሪ አያስፈልግም። ደግሞም ጫት ሐረር ላይ አዲስ አይደለም፤ ከራምቦም በፊት ነበር። አዲስ የሆነው መጠኑ ነው።

ችግሩ ውኃው ላይ መጣ። ከሐረር ብዙም የማይርቀው የሐረማያ ሐይቅ የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ነበር። በሞተር እየተሳበ ለጫትና ለአትክልት መስኖ፣ ለከተሞችም መጠጥ ሆነ፤ ዙሪያው ያለው ተራራ ዛፉ ተመንጥሮ አፈሩ እየታጠበ ወደ ሐይቁ ገባ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ የነበረበት ሜዳ ላይ ከብት ይግጥ ጀመር። ሐረር ከድሬዳዋ አካባቢ በቧንቧ ውኃ እስከማምጣት ደረሰች። እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ትክክለኛውን ሒሳብ ሠርቶ ሁሉም በጋራ የከሰሩበት ታሪክ ነው፤ ትምህርት ቤት የጋራ ሀብት ችግር እያልን የተማርነው ማለት ነው። ደስ የሚለው፣ በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ላይ ውኃ ተመልሷል። ግን የተመለሰ ሐይቅ ሁለተኛ ዕድል እንጂ ዋስትና አይደለም።

አሁን የራምቦን የቡና ጓሮ ፎቶ መልሳችሁ አስቡት። እሱ ሲያነሳው የአካባቢ ጥበቃ መልእክት የማስተላለፍ ሐሳብ አልነበረውም። ቡና ለእሱ ሸቀጥ ነው፤ ተክሉ መሃል የቆመው ለእናቱ የሚኖርበትን ለማሳየት ነው። ዛሬ ግን ያ ፎቶ ማስረጃ ሆኗል። በ1883 እዚያች ከተማ የቡና ጓሮ እንደነበረና ውኃው ፎቶ ለማጠብ እንኳ እንዳስቸገረ አብሮ ይመሰክራል።

የዘመናችን አርቲስቶች ይህን ነገር አውቀው ይሠሩበታል። እንግሊዛውያኑ ሄዘር አክሮይድና ዳን ሃርቪ ፎቶን በሣር ላይ ያበቅላሉ፦ እየበቀለ ያለ ሣር ላይ በጨለማ ክፍል ውስጥ ምስል በብርሃን ይጥሉበታል፤ ብርሃን የበዛበት ሣር ይለመልማል፣ ያነሰበት ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ የሰው ፊት ይወጣል። ቆይቶ ይደርቅና ይጠፋል፤ መጥፋቱም የሥራው አካል ነው። የእኛዋ አይዳ ሙሉነህ በ2018 ዳሎል ላይ በሠራቻቸው ፎቶዎች ውኃ የሚቀዱ ሴቶችን ሸክም በደማቅ ቀለም አሳይታለች። አዲስ አበባ ያለው ዞማ ሙዚየም ደግሞ በጭቃና በጭድ ተሠርቶ አትክልቱን ከሥዕሉ እኩል ያስጎበኛል። ራምቦ ሳያስበው የጀመረውን እነሱ አስበው ቀጥለውታል ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታቱ እነሆ። ከ1888 እስከ 1891 ሐረር ላይ በራሱ ስም ነገደ። ቡና፣ ቆዳ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ወደ ኤደን፤ ድስትና ጨርቅ ወደ ሸዋ። ከምኒልክ ስዊዘርላንዳዊ አማካሪ አልፍሬድ ኢልግ ጋር ይጻጻፋል፤ አንዳንዱ ዕቃ አልሸጥ ብሎ ሁለቱም ይማረራሉ። እነዚያ ዓመታት ሀገሩ በሙሉ ክፉ ቀን ብሎ የሚያስታውሳቸው ናቸው፦ ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ማረሻ ቆመ፣ ሰው ረገፈ። ተፈጥሮ ሲናጋ ንግድም ሰውም አብሮ እንደሚወድቅ ራምቦ በዓይኑ አይቷል።

በ1891 መጀመሪያ ጉልበቱ አበጠ። መጀመሪያ ቁርጥማት መስሎት መሥራቱን ቀጠለ፤ አልጋውን መስኮት ጋ አስጠግቶ ሚዛን እስከመቆጣጠር ደረሰ ይባላል። ኤፕሪል 7 ቀን ራሱ ንድፍ ባወጣለት ቃሬዛ ተኝቶ 16 ሸካሚዎች ተሸክመውት ከሐረር ወጣ። ወደ ዘይላ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ላይ ዝናብ ወረደበት፤ መጠለያ አልነበረውም። ከኤደን በመርከብ ማርሴይ ደርሶ ሆስፒታል ገባ፤ እግሩ ተቆረጠ። የአጥንት ካንሰር ነበር። እናቱ ቤት ጥቂት ሳምንት ከርሞ ወደ ሐረር የመመለስ ተስፋ ይዞ ዳግም ማርሴይ ሄደ። ኖቬምበር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ ሞተ። አልጋ ላይ ሆኖ ደጋግሞ የሚያነሳው አንድ የሐረር ልጅ ነበር፤ ለዓመታት ያገለገለው ጃሚ። 3,000 ፍራንክ እንዲሰጠው ተናዟል።

ዛሬ ጀጎል ውስጥ ራምቦ ቤት የሚባለው ውብ ባለ ፎቅ ቤት ሙዚየም ነው። ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ራምቦ ራሱ እዚያ አልኖረም የሚሉት የታሪክ ሰዎች ትክክል ይመስሉኛል። ግን ቤቱ ይገባዋል። መስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ይተኛል። ሰው ሁሉ ስልኩን ያወጣል። እኔም አውጥቻለሁ።

አንድ ሐሳብ ልጨምርና ላብቃ። ሐረር ስትሄዱ የጅቡን ትርኢትና ባለቀለሙን መንገድ ማንሳታችሁ አይቀርም፤ አንሱ። ግን አንድ የቡና ዛፍም ፈልጋችሁ አንሱ። የት እንደሆነ፣ የማን ጓሮ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ስንት ዛፍ እንደቀረው ጠይቃችሁ ጻፉበት። የራምቦ ዘመን ፎቶ ውኃ ሲጎድለው ነጣ፤ የእኛ ፎቶ አይነጣም፤ ነገር ግን ምን እንደሆነ ካልተጻፈበት አሥር ሺህ ፎቶ መሃል ይጠፋል። ከ140 ዓመት በኋላ አንዱ ወጣት የናንተን ሰልፊ ሲያይ ከጀርባችሁ ያለውን ተክል ስሙን ጠይቆ የሚያውቀው ሰው ማግኘት የለበትም እላለሁ፤ ተክሉ ራሱ ደጁ ላይ ቆሞ ሊያየው ይገባል። ያ ደግሞ ፎቶ በማንሳት ብቻ አይሆንም። ለሐረር ቡና ጥሩ ዋጋ የሚከፍል ገዢ፣ ውኃን በልክ የሚጠቀም ገበሬና ይህን የሚያስተባብር አስተዳደር ይጠይቃል። እኛ በበኩላችን ቡናውን ስንገዛ ከየት እንደመጣ በመጠየቅ እንጀምር።